ስለ ቤት አያያዝ፦ ከፈረሰ ቤት ዕንጨት የሚሠራ አልጋ

በዚህ ወር ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ልጃቸውን በጥር ወር ሊድሩ ካሰቡ እናት የተላከ ነው። ሙሽሮቹ የሚገቡባት አንዲት የኪራይ ክፍል ተገኝታለች፤ ለምግቡና ለመጠጡም የዘመድ እጅ ስለሚጨመርበት ብዙ አያስጨንቅም። ነገር ግን «የመኝታ ቤት ዕቃ» ተብሎ በሱቅ የሚታየው አልጋ፥ ቁም ሣጥንና ኮሞዲኖ የተጠየቀበት ዋጋ ከአቅም በላይ ስለ ሆነ፥ ልጁ ገና ሳያገባ ሊበደር ተነሥቶአል። በግቢያቸው ጥግ ደግሞ ከአባታቸው ቤት የወጣ ዕንጨት በቆርቆሮ ተሸፍኖ ተከምሮአል፤ ለማገዶ ልግዛ ያለም ሰው መጥቶ ዋጋ ሰጥቶአል። እኒህ እናት «ከዚህ ዕንጨት አልጋ ይወጣልን?» ብለው ጠይቀውናል።

መልሳችን፥ ይወጣል የሚል ነው። ጥያቄው የእኒህ እናት ብቻ እንዳልሆነም እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳና በሌሎችም ሠፈሮች የኮሪደር ልማት ሲጀመር ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ በየመንደሩ የበር መቃን፥ የወለል ጣውላና የጣራ ወራጅ ተቈልሎ ማየት የተለመደ ሆኖአል። ከዚያ ክምር የሚበልጠው ክፍል ወደ ምድጃ ሲሄድ ማየት ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም ያ አሮጌ ዕንጨት ዛሬ በአዲስነቱ ሊገዛ የማይገኝ ብዙ ጊዜ ነው። የጽድን፥ የዝግባን፥ የዋንዛንና የኮሶን ዛፍ ከመንግሥት ደን መቍረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፥ አያቱ በቤቱ ጣራ ላይ ያኖሩለትን ጽድ በማገዶ ዋጋ አይሰጥም።

ስለ ዕዳውም አንድ ቃል እንናገር። በሱቅ ከሚሸጠው ርካሹ ዕቃ ብዙው ከተፈጨና ከተጣበቀ ዕንጨት የተሠራ ነው። ገጹ ያብረቀርቃል፤ ማዕዘኑም የተስተካከለ ነው፤ ዳሩ ግን ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ተፈትቶ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተገጠመ በኋላም ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ እየተፈረፈረ አይዝም። በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣቶች በየጊዜው ቤት ስለሚለቁ፥ ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ አልጋው የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ይህን የምንለው ነጋዴውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የተበደረ ሰው ዕቃውን ከዕድሜው ጋር አመዛዝኖ ይግዛ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ክምሩ እንሂድ። ቈርቈሮውን ገልጣችሁ ዕንጨቱን አንድ በአንድ አውጡና በየዐይነቱ ለዩት። ጽድ ቀላ ያለ ነው፤ በመጋዝ ሲነካ መልካም ሽታ ይሰጣል፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም፤ ስለዚህ ለአጥር ችካልና ለቤት ቋሚ ሲመረጥ ኖሮአል። ጠባዩ ግን ቍጡ ነው፤ ምስማር በጫፉ አጠገብ ከመታችሁበት ይሰነጠቃልና አስቀድሞ መብሳት ያስፈልጋል። ዝግባ ነጣ ያለና ቀጥ ያለ ነው፤ መላጊያም ይታዘዛል፤ ዳሩ ግን ነቀዝ ይወደዋል። ዋንዛ ከተገኘ አመስግናችሁ ለአልጋው ራስጌ አኑሩት፤ ለሥራ የለዘበ፥ መልኩም ያማረ ነውና። ወይራ እጅግ ከባድና ጠንካራ ስለ ሆነ፥ የመጋዝን ጥርስ ይፈትናል፤ ለእግር ግን ከእርሱ የሚሻል የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ፥ በአዲስነቱ ለቤት ዕቃ አስቸጋሪ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ከ30 ዓመት ጣራ ላይ የወረደ ባሕር ዛፍ ግን መጣመሙን ጣመመ፥ መሰንጠቁን ተሰነጠቀ፤ ቀጥ ብሎ የቀረው ወደ ፊትም ቀጥ ብሎ የመኖር ተስፋው ትልቅ ነው። አሮጌውን ከአዲሱ እንድናስበልጥ የሚያደርገን ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ከወጥ ቤት ጣራ የወረደና ጢስ ያጠቈረው ወራጅም እንዳትንቁ፤ ጥላሸቱ በብሩሽና በሳሙና ውኃ ከታጠበ በኋላ ከውስጡ የሚወጣው ዕንጨት ብዙ ጊዜ የደረቀና ያልተበላ ነው። ከመሬት ተቀብሮ የነበረውን የቋሚ ጫፍ ግን ጤነኛው እስኪታይ ድረስ ቈርጣችሁ ጣሉት።

የአባት ቤት ፈርሶ ዕንጨት ያልተረፈለትስ ምን ያድርግ? በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው በመርካቶ ምናለሽ ተራ ይሂድ፤ በሌላም ከተማ ቤት የሚያፈርሱትን አናጢዎች ይጠይቅ። ከቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የወጣ ዕንጨት ቢያጋጥመው ግን የደብሩን አስተዳዳሪ ሳያነጋግር ለቤቱ እንዳይወስድ እንመክራለን፤ የተቀደሰ ቦታ ያገለገለ ነገር የት መዋል እንዳለበት የሚወስኑት እነርሱ ናቸውና።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርገን የምንናገረው አለ። አልጋ ማለት ሰው ከዕድሜው ሲሶውን ያህል ተኝቶ የሚተነፍስበት፥ ነፍሰ ጡር የምታርፍበት፥ ሕፃንም ጠርዙን እየነከሰ ጥርስ የሚያወጣበት ዕቃ ነው። ስለዚህ ለአጥር የሚሆን ሁሉ ለአልጋ አይሆንም። ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የመኪና ዘይት የተቀባ ዕንጨት፥ ቢታጠብም ቢላግም፥ ወደ መኝታ ቤት አይግባ። የመብራትና የስልክ ምሰሶ የነበረ፥ ጥቁር ሆኖ የሬንጅ ሽታ ያለው ወይም አረንጓዴ መልክ የያዘም እንዲሁ ነው፤ እንዳይበሰብስ የተነከረበት መድኃኒት መርዝ ነው፤ በአረንጓዴው ውስጥ አርሴኒክ ይገኛል። ይህ ዐይነቱ ዕንጨት ለአልጋ አለመሆኑ ብቻ አይደለም፤ በምጣድ ሥርም ሊነድ አይገባውም፤ ጢሱና አመዱ ይጐዳሉ።

ቀለም የተቀባ አሮጌ በርና መስኮትም ጥንቃቄ ይሻል። በቀድሞ ዘመን ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይጨመር ነበር፤ ብናኙም የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዕንጨት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ሌላ ዕንጨት ካላችሁ ተዉት፤ ከሌላችሁም ከቤት ውጭ፥ ልጆች በሌሉበት፥ ውኃ እያርከፈከፋችሁ ፋቁት፤ ፍቅፋቂውንም ሰብስባችሁ አስወግዱት እንጂ በጓሮ አትበትኑት።

የጭነት ዕቃ የሚደረደርበት ፓሌት በርካሽ ይገኛልና ስለ እርሱም የሚጠይቁን አሉ። ከአገር ወደ አገር የሚሻገር የዕንጨት መያዣ ተባይ እንዳያዛምት በ1994 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደንብ ወጥቶለታል፤ በደንቡም መሠረት በጐኑ ማኅተም ይመታበታል። በማኅተሙ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤች ቲ» የሚል ካለ፥ ዕንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያገኘ ነው ማለት ነው፤ ይህን መጠቀም ይቻላል። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ሚቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛም ጋዝ የታጠነ ነውና ለመኝታ ቤት አትምረጡት። ማኅተም የሌለው፥ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ የፈሰሰበት ፓሌትም ይቅርባችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ተባይ ነው። ዕንጨቱ ላይ ቀዳዳ ብታዩ ወዲያው አትጣሉት፤ ነቀዙ ሞቶ ቀዳዳው ብቻ ቀርቶ ይሆናል። ጠርጋችሁ በጥቁር ጨርቅ ላይ ሁለት ሳምንት አኑሩት፤ በጨርቁ ላይ አዲስ የዱቄት ብናኝ ከታየ በውስጡ ገና የሚበላ አለ፤ እርሱ ወደ ማገዶው ይሂድ። ትኋን ግን ከዚህ ይብሳል፤ በስንጥቅና በምስማር ቀዳዳ ይሸሸጋል፤ ወደ ሙሽራ ክፍል ከገባ በኋላ ማውጣት ጭንቅ ነው። እርሱን የሚያጠፋው ሙቀት ነው፤ 50 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት እንቍላሉን ሳይቀር ይገድለዋል። ስለዚህ ስንጥቁን ሁሉ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና በፀሓይ አድርቁት። በብዙ ቤት የምናየውን ልማድ፥ ለእህል የተሠራውን ማላታይን በአልጋና በፍራሽ መርጨትን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ትኋኑን ሸሽቶ መርዙን መተንፈስ ምን ይጠቅማል?

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ አለ። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ የሚጾም ነው፤ በዚህም ወራት ሠርግ የለም። ለጥር ሠርግ የሚዘጋጅ ቤት እንግዲህ ከ40 ቀን የሚበልጥ የሥራ ጊዜ ተሰጥቶታል ማለት ነው፤ ወራቱም ደረቅና ፀሓያማ ስለ ሆነ ለታጠበ ዕንጨት የተመቸ ነው። ምስማሩን መንቀል የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ጉጠትና መዶሻ ያዙ፤ ጫማ ሳትጫሙም አትግቡበት፤ የዛገ ምስማር የወጋው ሰው የመንጋጋ ቈልፍ ክትባት ለማግኘት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ተሰብሮ በውስጥ የቀረ ምስማር የአናጢውን መላጊያ ስለሚሰብር በማግኔት እየዳሰሳችሁ ፈልጉት፤ ይህን የማግኔት ዘዴ ተማሪዎቻችን ከሳይንስ ክፍል አምጥተው ያሳዩን ነው፤ መልካም ሆኖ አግኝተነዋል።

የተነቀለውንም ምስማር አትጣሉ፤ በድንጋይ ላይ ተቃንቶ ለሣጥኑ ይሆናል።

አሁን አልጋው። ከሁሉ አስቀድሞ ፍራሹን ለኩ፤ አልጋ ለፍራሽ ይሠራል እንጂ ፍራሽ ለአልጋ አይገዛም። ለምሳሌ 120 በ190 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ቢኖራችሁ የአልጋውን የውስጥ ስፋት 122፥ ርዝመቱን 192 አድርጉ፤ ሁለቱ ሳንቲ ሜትር አንሶላ ለሚያስገባ እጅ ነው። አራት እግር ያስፈልጋል፤ ውፍረታቸው 8 በ8 ይሁን። የግርጌዎቹ ቁመት 40፥ የራስጌዎቹ 95 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ለእግር ከአሮጌው ቋሚ፥ ለጐንና ለጐን ከወለል ጣውላው ወይም ከወፍራሙ ወራጅ ቍመቱ 15፥ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ አውጡ።

ራስጌውና ግርጌው ለየብቻቸው እንዳይነቃነቁ ሆነው ይገጠማሉ። የማገናኛውን ዕንጨት ጫፍ ምላስ አስወጥቶ፥ በእግሩ ላይ በመሮ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ፈልፍሎ፥ ኮላ ቀብቶ ማስገባት ነው። ይህ ሥራ የአናጢ እጅ ይፈልጋል፤ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውጡ። አናጢ ለምስማር መንቀል፥ ለማጠብና ለመፈግፈግ በቀን ሒሳብ መቅጠር የገንዘብ ብክነት ነው፤ ይህን ሙሽራውና ወንድሞቹ ይሥሩት። ለአንድና ለሁለት ቀን ለመገጣጠሚያው ብቻ ቢቀጠር ግን ዋጋው የሚቈጭ አይደለም።

ሁለቱን የጐን ሳንቃዎች በኮላ አታጣብቋቸው። የኪራይ ቤት አልጋ ተፈትቶ በበር መውጣት አለበት። የሳንቃው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር የምታህል አጭር ምላስ ኖራው በእግሩ ውስጥ ትቀመጥ፤ ከዚያም ከእግሩ ውጭ በኩል 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፥ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን ገብቶ፥ በሳንቃው ውስጥ ገጽ በመሮ በተቈፈረ ጎድጓድ ውስጥ በተቀመጠ ዳዶ ይጥበቅ። ምላሷ ሳንቃው እንዳይዞር ትይዘዋለች፤ ብሎኑም ይስበዋል። ለአንዱ ማዕዘን አንድ፥ ለመላው አልጋ 4 ብሎን ብቻ ነው የሚገዛው። ምስማርን በዚህ ቦታ ማዋል አይገባም፤ በየሌሊቱ እየላላ ይሄዳል፤ ሲጮኽም ጎረቤት ይሰማል።

በጐን ሳንቃዎቹ ውስጥ ገጽ በታችኛው ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ቍመት ያለው ሞራሌ በኮላና በምስማር ይለጠፋል፤ በእርሱም ላይ ርብራቡ ይደረደራል። ስፋታቸው 8፥ ውፍረታቸው ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር የሆኑ 14 ጣውላዎች፥ በመካከላቸው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተተወ ቢደረደሩ የ192ቱን ርዝመት ይሞላሉ። ክፍተቱ የሚተወው ዕንጨት ለመቈጠብ ብቻ አይደለም፤ ስፖንጅ ፍራሽ በድፍን ጣውላ ላይ ሲተኛ ከሥሩ ላብ እየያዘ ይሻግታል። ከርብራቡ በታች በመካከል አንድ ወራጅ ከራስጌ እስከ ግርጌ ይለፍ፤ ወገቡም ላይ አምስተኛ እግር ይቁምለት።

ርብራቡን ትተው ጠፍር የሚመርጡ ይኖሩ ይሆናል፤ እኛም በልባችን ወደዚያ እናደላለን። የጠፍር አልጋ የአባቶቻችን ጥበብ ነው። የበሬ ቆዳ እየዞረ በአንድ ወጥ ይቀደድና ረጅም ጠፍር ይሆናል፤ ውኃ ውስጥ ከርሞ ሲለሰልስ በአልጋው ወራጆች ላይ በቁምና በአግድም እየተጐነጐነ ይወጠራል፤ ሲደርቅም ራሱን በራሱ ያጠብቃል። ከርሱ የበለጠ ወገብን የሚይዝና አየር የሚያሳልፍ የለም። በቅርብ ዓመታት በዐውደ ዓመት ማግስት ቆዳ ገዥ አጥቶ ሲጣል እያየን፥ ይህ ጥበብ በከተማ መረሳቱ ያስቈጨናል። ነገር ግን ሁለት ነገር እወቁ። ጠፍሩ ሲደርቅ ወራጆቹን ወደ ውስጥ ይስባልና ወፍራምና ድቡልቡል ዕንጨት፥ ቢቻል ወይራ ወይም ጽድ ያስፈልገዋል፤ ተፈትቶም የሚጓጓዝ አይደለም። እንግዲህ በራሱ ቤት ለሚኖር ጠፍር፥ ለተከራይ ርብራብ ይስማማል።

ከአልጋው የተረፈው ዕንጨት ለሣጥን ነው። የጐን ሳንቃው የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል፥ ቍመታቸው 20 የሆነ ሁለት ሣጥኖች ከመካከለኛው እግር ወዲህና ወዲያ ከአልጋው ሥር ይገባሉ። ከጽድ ቢሠሩ ሽታው ለነጠላና ለጋቢ የተስማማ ነው። ለኮሞዲኖ በቂ ሳንቃ ካልተረፈ፥ ከግድግዳው ጋር የተያያዘች አንዲት መደርደሪያ ለኩራዙም፥ ለመጽሐፉም፥ ለስልኩም ትበቃለች። ቁም ሣጥኑን ግን ለጊዜው ተዉት። ትልልቅና ቀጥ ያለ ሳንቃ ስለሚፈልግ በአሮጌ ዕንጨት የሚያደክም ሥራ ነው፤ ጠባብዋንም ክፍል ይሞላታል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ አንድ የተላገ ዘንግና ከፊቱ የሚንጠለጠል መጋረጃ የሁለት ሰው ልብስ ይይዛል።

ዘመድ መጥቶ «ይህ ቀዳዳ ምንድር ነው?» እንደሚል አናጣውም። የምስማሩን ቀዳዳና የመጥረቢያውን ፍለጋ ሁሉ በስቱኮ ደፍናችሁ ቡናማ ቀለም ብትቀቡት፥ የሱቁን ዕቃ ለመምሰል የሚጣጣር ዕቃ ይሆናል፤ አይመስልምም። ይልቅስ ስለት ያለውን ጠርዝ አለዝቡ፤ ስንጣሪ የሚያወጣውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት፥ መጀመሪያ በሻካራው በኋላ በለስላሳው፥ እጃችሁን አሳልፋችሁ እስክትረኩ ድረስ ፈግፍጉ፤ የቀረው የዕንጨቱ ዕድሜ ነውና ይታይ። አያታቸው በጠረቡት ዕንጨት ላይ የሚተኙ ልጆች የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ለቅቡ ውድ ቫርኒሽ አያስፈልግም። ንጹሕ የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ ቀብታችሁ፥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጥረጉት፤ በሚቀጥሉት ሳምንታትም ሁለት ጊዜ ድገሙት። ይህ ዘይት ቀስ ብሎ የሚደርቅ ስለ ሆነ የመጨረሻው ቅብ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ቢያልቅ መልካም ነው። ላዩን ማለስለስ የወደደ ሰው አንድ እጅ የንብ ሰም በአራት እጅ አኳራጅ ያሟሟ፤ ሰሙንም በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ያቅልጠው እንጂ፥ አኳራጅ በያዘ ዕቃ ሥር እሳት አያንድድ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጨብጦ በጥግ ከተጣለ ማንም ሳይለኵሰው ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ስለዚህ ወይ ውኃ ውስጥ ይነከር፥ ወይ በውጭ በገመድ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

አልጋው ተገጥሞ ከተተኛበት ከአንድ ወር በኋላ፥ ኋላም ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ፥ ዕንጨቱ ስለሚያብጥና ስለሚኰማተር አራቱን ብሎኖች በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ማጥበቅ ያስፈልጋል። መፍቻውን በግራው ሣጥን ውስጥ አኑሩት።